አክተሩ የሞተ ዕለት

ልጆች ሳለን የፊልሙን ዋና ሰው «አክተሩ» ነበር የምንለው፤ አክተር ደግሞ አይሞትም። ከሁሉም የምወደውን አንዱን አክተር ያኔ ሲኒማ ቤት ሳየው ፀጉሩ ጥቁር ነበር። ሲራመድ አይቸኩልም፣ ሲቆጣ እንኳ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

አሜሪካ መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንት፣ ምድር ቤት ተከራይቼ ብቻዬን ስኖር፣ አንድ እሁድ ከሰዓት ቴሌቪዥን ላይ አገኘሁት። ሸምግሏል፤ የሚሠራው አያት ሆኖ ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አሁንም አይቸኩልም፤ ኩባያ ሲያነሳ እንኳ ዓይን ከእሱ ላይ አይነቀልም። ከዚያ ፊልሙ ሳይጋመስ አልጋው ላይ ሞተ። ተናደድኩ። «ምን ማለት ነው ይሄ?» ብዬ ጮህኩ።

በልጅነታችን ሲኒማ አብሮኝ ይገባ የነበረው ጓደኛዬ እዚሁ አሜሪካ፣ ከእኔ ብዙም የማትርቀው አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው። ሁለታችንም ሁለት ሁለት ሥራ ስለምንሠራ ከተገናኘን ቆይተናል። ኮል አደረግኩት፤ አልነበረም። «አክተሩ ሞተ» ብዬ የስልኩ መልእክት መቅጃ ማሽን ላይ ተውኩለት።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ የኔ ማሽን ላይ ድምፁን አገኘሁ። «አንተ ደግሞ፣ አክተር ይሞታል እንዴ? እስከ መጨረሻው አይተኸዋል?»

አይቼዋለሁ። የተዋንያኑ ስም ወጥቶ እስኪያልቅ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። አልተነሳም።