በጓን ያተረፈው ጾም

ይህ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፣ እኔም ጎንደር አራዳ ውስጥ በአንድ የምርምር ቢሮ ተቀጥሬ ነበር። ዛሬም ሰው በፍስክ ቀን «ጾመኛ ነኝ» ሲለኝ ትዝ ይለኛል።

የቢሮው ሥራ ገበሬው በቀን ምን ምን እንደሚበላ ማጥናት ነው። አለቃችን ፈረንጅ ዶክተር ናቸው፤ ደግ ሰው፣ ነገረ ሥራችን ግን ጨርሶ የማይገባቸው። ሚዛን ሰጡኝና ከዳባት በላይ ካለ መንደር ሳምንት ተቀምጠህ የአንድ ቤት ምግብ መዝነህ ና አሉኝ። የምፈልገው የዘወትሩን ብቻ ነው ብለውም አስጠነቀቁኝ። ጥምቀት አልፏል፣ ዐቢይ ጾም ገና ነው። ምን ይከብዳል ብዬ ሄድኩ።

ቅዳሜ ደርሼ ያረፍኩት አያ ታከለ ከሚባሉ ገበሬ ቤት ነው። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ጠቦት ታረደ። ማዕዱ ቀርቦ ሚዛኔን ሳወጣ ባለቤታቸው እታገኝ ፊታቸው ተለዋወጠ። እንግዳ የቀረበለትን የሚመዝነው አነሰኝ ለማለት ነው ብለው ደመደሙ። እኔ በመዘንኩ ቁጥር እሳቸው ይጨምራሉ። ለምርምር ነው ብል ማን ይስማኝ! መዝኜ ስጨርስ ደግሞ የአያ ታከለን ድርሻ እየጠቀለሉ ያጎርሱኛል። የአባወራውን ምግብ እኔ በልቼው ምኑን ልጻፍ?

በማግስቱ ዶሮ መጣ። በሦስተኛው ቀን ቅቤና ማር ከጎረቤት ተለመነ። እውነቱን ለመናገር፣ ምርምር እንዲህ ከሆነ ዕድሜ ልኬን ልመራመር ብዬ ነበር።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ስወጣ ግን አያ ታከለ ቢላዋ ሲስሉ አገኘኋቸው። በረቱ ውስጥ የቀረችው ሆዷ የገፋ አንዲት በግ ብቻ ናት። ደነገጥኩ። እሷ ከታረደች ቤቱ በእኔ ሆድ ምክንያት ያለ በግ ሊቀር ነው። አይረዱልኝ ብል ናቀን ይሉኛል።

«አያ ታከለ፣ ንስሐ አባቴ ጾም አዘውብኛል። ከዛሬ ጀምሮ ሥጋም ቅቤም አልቀምስም» አልኳቸው።

አዩኝ፣ አዩኝና ቢላዋውን ወደ ቤት መለሱት። «እንዲያ ከሆነ ሸጋ ነው» አሉ።

ተገላገልኩ ስል የቤቱ ሰው ሁሉ አብሮኝ ጾመ። እንግዳ እየጾመ እኛ ቅቤ እንብላ እንዴ፣ ነውር ነው ተባለ። እርጎው ተከደነ። ልጆቹ የሚያዩኝ የነበረው አስተያየት እስካሁን ጀርባዬ ላይ አለ። ከዚያ ወዲያ በሚዛኔ ላይ ከሽሮና ከጎመን በቀር የወጣ ነገር የለም።

ጎንደር ስመለስ ዶክተሩ የጻፍኩትን ቢያዩት የሳምንቱ መጀመሪያ የንጉሥ ግብር፣ መጨረሻው የባሕታዊ ማዕድ። የዘወትሩ የትኛው ነው አሉኝ። የዘወትሩ እኔ በሌለሁበት የሚበላው ነው ብላቸው አኮረፉኝ። ጥናቱን ያበላሸሁት ግን እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ወደ ሳንጃ የተላከው ባልደረባዬም ወፍሮ ነው የተመለሰው።

ከዓመታት በኋላ፣ ትዳር ይዤ ሳለሁ፣ አንድ ቅዳሜ አያ ታከለ ለጉዳይ ጎንደር መጥተው ቤቴን አጠያይቀው ከተፍ አሉ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ያለችን አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ ነበረች፤ እሷን ይዤ ቢላዋ ስፈልግ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ተዋት ልጄ። እኔንም ንስሐ አባቴ ጾም አዘውብኛል» አሉ ፈገግ ብለው።

ክው አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ለካስ ያኔም ገብቷቸው ኖሯል። እኔ በጓን ለማትረፍ ስዋሽ፣ እሳቸው ውሸቴ እንዳይነቃብኝ ቤተሰቡን ሁሉ አስጹመዋል።

ያን ቀን ሽሮ በላን። ሁለታችን ተያይተን ስንስቅ ባለቤቴ ግራ ገብቷት ታየናለች። በጓስ ብላቸው ያኔውኑ መንታ ወለደችልኝ አሉኝ።

የዶክተሩ ጥናት የት እንደደረሰ አላውቅም። አያ ታከለን ግን በዚያ ሥራ ምክንያት አወቅኳቸው፤ ስማቸው ሲነሳ እንባዬና ሳቄ እኩል ይመጣሉ። ዛሬ እንግዳ በፍስክ ቀን ጾመኛ ነኝ ቢለኝ ምነው ብዬ አልጠይቀውም። አብሬው እጾማለሁ።