ከአዝራር ቆርቆሮ የተሠራው ፔዳል

እህቴ የተገዛ ልብስ ለብሳ አታውቅም። «ልብስ ሰፊ ሆኜ ደግሞ ሱቅ ገብቼ ልለካ?» ትላለች። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ለጊታሯ በእግር የሚረገጥ የድምፅ ማወፈሪያ ፔዳል ባስፈለጋት ጊዜም መልሷ ያው ሆነ። ራሷ ልትሠራው ተነሣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወጣትነቷ ጀምሮ ሥራ ስትጨርስ የስፌት መኪናዋን ትሸፍንና ጊታሯን ታነሣለች፤ አድማጮቿ እኔና ግድግዳው ነን። በቅርቡ የሰፈራችንን ባንድ ጊታር ተጫዋቹ ጥሎት ሄደና ልትፈተን ገባች። ሳክስፎን የሚነፋው የባንዱ አለቃ ሰምቷት፣ «ጣትዎ ግሩም ነው፤ ድምፁ ግን ሰለለብኝ። ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ወፈር ያለ ድምፅ ይዘው ይምጡ። አለበለዚያ ሌላ ሰው እንሞክራለን» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ደስ ይበላት ይጭነቃት እሷም አታውቅም።

እኔ ታናሽ ወንድሟ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ሰፈሩ «የሬዲዮ ሐኪም» ይለኛል፤ እኔም ሳላምንበት አልቀረሁም። «በግማሽ ቀን ልሥራልሽ» ብላት መቀሷን አሳየችኝ። የፈቀደችልኝ ምኑ ከምኑ እንደሚገናኝ በወረቀት ስዬ መስጠት ብቻ ነው። ሳልኩላት። ዕቃዎቹ ጥቂት ናቸው፤ እግራቸው በሰሌዳ ቀዳዳ አልፎ ከሥር ይበየዳል፤ ዋናው ድምፁን የሚያሳድገው ባለ ሦስት እግሩ ትራንዚስተር ነው። ማቀፊያው የአዝራር ቆርቆሮዋ ሆነ፤ አዝራሮቹ ወደ ብርጭቆ ተሰደዱ።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ አለቀ። ሳትረግጠው ጊታሩ እንደ ድሮው ይሰማል። ስትረግጠው ግን መወፈሩ ቀርቶ እንደ ትንኝ ጢጥ አለ።

«ሞተብኝ!» አለች።

«ሐኪሙ እዚህ ቆሞ? ቆይ እንጂ!»

ባትሪውን ለካሁ፤ ደህና ነው። ከዚያ እሷ ስዕሉን እያነበበችልኝ፣ እኔ ሰሌዳውን ደፍቼ ብየዳዎቹን አንድ በአንድ በመለኪያ ነካሁ። ብየዳዋ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእኔ ይበልጣል፤ ስፌቷን ይመስላል። ሁሉም በቦታው ነው። ፔዳሉ ግን ያው ትንኝ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ «ትራንዚስተሩ ተቃጥሎ ይሆናል» አልኳት። «ሌላ የለኝም፤ ሱቁም ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው።»

ሙያ በልብ ነው ይባል የለ፤ ሰሌዳውን ተቀብላኝ ገለበጠችው፤ መለሰችው፤ እንደገና ገለበጠችው። እጅጌ ስትገጥም እንዲሁ ነው የምታደርገው።

«አንተ፣ ይሄን ስዕል ስትስል ዕቃውን ከየት በኩል እያየህ ነው?»

«ከላይ ነዋ እትዬ! ከየት ሊታይ ኖሯል?»

«ከላይ?» ብድግ አለች። «እኛ ጨርቅ ላይ የምናሰምረው በውስጡ በኩል ነው! ልብስ ሰፊ ስዕል ካየ፣ የውስጡ ነው። እኔም በብየዳው በኩል እያየሁ ነው የሠራሁት። ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ሆኗላ!»

ክው አልኩ። የቀሩት ዕቃዎች ግራ ቀኛቸው ቢለዋወጥ ግድ የላቸውም፤ ትራንዚስተሩ ግን ሁለቱ የዳር እግሮቹ ሲቀያየሩ ጉልበት ያጣል። ስመረምር ስዕሉን በራሷ አተያይ ታነብልኝ የነበረችው እሷ ናት፤ ለካ ስህተትን በስህተት ስናመሳክር ነው የዋልነው። ሐኪም ተብዬው ወረቀቱ ላይ «ከላይ ሲታይ» ብዬ መጻፍ ከብዶኝ!

መበየጃውን ላነሣ ስል እጄን መታችኝ። «የሰፋሁትን የምተረትረው እኔ ነኝ!»

ትራንዚስተሩን ነቀለች፤ አዙራ መልሳ በየደችው። ጊታሩን ሰካች፤ አንድ ክር መታችና ረገጠች።

ቤቱ ጮኸ! መስኮቱ ተርገፈገፈ፤ ብርጭቆው ውስጥ አዝራሮቹ ተንጫጩ። ወፍራም፣ ሻካራ፣ ሞቅ ያለ ድምፅ! ጎረቤታችን «ምን ፈረሰ?» ብላ ተጣራች። «ምንም አልፈረሰም! ሠራ!» ብዬ ዘለልኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ መዝለሌን አልክድም። እህቴ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ መልሳ ትረግጣለች።

ዐሥር ሰዓት ላይ ባንዱ ፊት ተቀመጠች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ። ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና የረገጠ እግሯ ቆርቆሮውን ረገጠ። ከበሮ መቺው ሳይታዘዝ ገባላት። አለቃው ሳክስፎኑን አፉ ላይ እንዳደረገ መንፋቱን ረሳው። ስትጨርስ ጎንበስ ብሎ ቆርቆሮውን አየ።

«ማን ሠራልዎት?»

«እኔው ነኝ የሠራሁት። ያ በሩ ጋ የቆመው ወንድሜ ደግሞ በስዕል አሳስቶኛል።»

ሳቁ። «በሉ እንግዲህ፣ ሐሙስ ልምምድ አለን፤ እንዳያረፍዱ» አላት አለቃው።

እቤት እንደገባን አዝራር የሞላውን ብርጭቆ አንሥታ አየችው።

«ለእነዚህ ሌላ ቆርቆሮ ፈልግልኝ» አለች። «ያኛው ሥራ አግኝቷል።»