በማለዳ የደረሰ የምሥራች

በደርግ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እሠራ የነበረው በውጭ ግንኙነት ክፍል ነው። ሥራችን ሰው መቀበልና ሰው መሸኘት ነበር። ከሶሻሊስት አገሮች መምህራን ይመጣሉ፤ የእኛ ተማሪዎችና መምህራን ደግሞ ወደዚያ ይሄዳሉ። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። የመጣው እንግዳ ቤት ቢፈልግ፣ ፍራሹ ቢጎረብጠው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ቢዘገይ፣ ሆዱን ቢያመው የሚጠራው እኔን ነው። አንድ ወጣት የቡልጋሪያ መምህር አፍሪካ ሙቀት ነው ብለው ነግረውት ሸሚዝ ብቻ ይዞ ሐምሌ ላይ ደረሰ። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ አላስችል አለኝና የባለቤቴን ካፖርት አዋስኩት። ባለቤቴ አልተቆጣም፤ ብቻ በየሳምንቱ ካፖርቱ ደኅና መሆኑን ይጠይቀኝ ነበር።

መምህሩ ጊዜውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል፣ በልውውጡ መሠረት አንድ ተማሪያችን አብሮት እንዲሄድ ተወሰነ። ተማሪው የኮልፌ ልጅ ነው፤ ቤታቸው ከአጠና ተራ አልፎ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጠባዩም ሸጋ፣ ግን የመውጫ ቪዛው አልወጣ አለ። ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና ሲሉት ከረሙ። በመሀሉ ከቢሯችን አግዳሚ ላይ እየተቀመጠ የቤቱን ነገር ሁሉ አጫወተኝ። አባቱ በሕይወት የሉም። ታላቅ ወንድሙ ወታደር ሆኖ ሰሜን ግንባር ነው፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ቆይቷል። እናቱ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣሉ።

የቡልጋሪያው ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ ቁርጡን ነገረን፤ ልጁ ከመምህሩ ጋር በዚያው በረራ ካልመጣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሁላችንም ተስፋ በቆረጥንበት በበረራው ዋዜማ፣ የመውጫ ቪዛው ኃላፊ ከስብሰባ ወጥተው መሽቶ ፈረሙ። ፓስፖርቱን ይዤ ስወጣ የምትዘል ጊደር ሆኜ ነበር። ግን ለማን ልንገር? የልጁ ቤት ስልክ የለም፤ ሰዓት እላፊም ደርሷል። ሾፌራችን፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ረጋ ያሉ ሰው፣ አየር ጤና ቤቴ አድርሰውኝ በጥድፊያ ተመለሱ። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ መምህሩን ከማረፊያው፣ እኔን ከቤቴ፣ ልጁን ከእናቱ ጓዳ ለቃቅመው በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሊወስዱን ተስማማን።

በማለዳው መብራት ጠፍቶ ነበር። በጨለማ እየዳበስኩ ለባበስኩና ነጠላዬን ከብርዱ የተነሣ አንገቴ ድረስ ተጠቅልዬ ወጣሁ። ሾፌሩ ጋቢ ደርበዋል። መምህሩ ደግሞ ቤተሰቡ ሊቀበሉት ስለሚመጡ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ጥቁር ከረባት አስሮ ባርኔጣ ደፍቷል፤ ሊመልስልኝ የያዘውን ካፖርት ክንዱ ላይ ጣል አድርጎታል። በመሥሪያ ቤቱ ላዳ ውስጥ ሦስታችንም እየሳቅን ነበር የሄድነው። እናትየው የምሥራቹን ሲሰሙ ምን ይሆኑ ይሆን እያልኩ መንገዱ ሁሉ ረዘመብኝ።

ከግቢው ደርሰን ሾፌሩ የቆርቆሮውን በር አንኳኩ። እናትየው ከውስጥ ማነው ሲሉ፣ ሾፌሩ በዚያ በረጋ ድምፃቸው፣ “እኛ ነን፤ ክፉ አይደለም፣ ይክፈቱ” አሉ። በሩ ተከፈተ። እናትየው የሾፌሩን ጋቢ አዩ፣ የእኔን ነጠላ አዩ፣ የፈረንጁን ጥቁር ልብስ አዩ። ሾፌሩ ይህ አልበቃ ብሏቸው፣ “እስቲ መጀመሪያ ገባ እንበልና ቁጭ ይበሉ” አሏቸው።

እናትየው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው የትልቁን ልጃቸውን ስም ጠሩ። የዚያ ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

መርዶ ነጋሪ የሚመጣው በማለዳ ነው፤ ተሰብስቦ ነው፤ ክፉ አይደለም እያለ ነው። ጎረቤቱም ይህን ያውቃል። አፌን ከፍቼ አንድ ቃል ሳልናገር ግቢው ሞላ። ልጁ ከአልጋው ዘሎ ወጥቶ ወንድሜን እያለ መሬት ላይ ወደቀ። መምህሩ ግራ ቢገባውም ሰው አዝኗልና ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ይህን ያዩ ሴቶች ልቅሶውን አባሱት። ፈረንጅ እንኳ ካዘነማ ነገሩ እርግጥ ነው።

እኔ ፓስፖርቱን ከፍ አድርጌ ይዤ ቪዛው ወጥቷል፣ ዛሬ ይሄዳል እያልኩ ብጮህ ማን ይስማኝ? በመጨረሻ ልጁ አጠገብ ተንበርክኬ ፓስፖርቱን ዓይኑ ሥር ገልጬ አሳየሁት። ፎቶግራፉን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ብድግ ብሎ እናቱን አቅፎ በጆሯቸው ነገራቸው። ልቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ፤ ከአጥሩ ውጪ ግን ምንም ያልሰሙ ሰዎች ገና እያለቀሱ ይመጡ ነበር።

እናትየው ወደ እኔ ቀርበው፣ “የትልቁ ነገር አይደለም?” አሉኝ።

“ስለ እሱ ምንም አልሰማንም እናቴ፤ እኛ የመጣነው ከዩኒቨርሲቲ ነው።”

“ታዲያ ነጠላሽን ምን ሆነሽ አዘቀዘቅሽው?”

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥለቱ አንገቴ ላይ ነው፤ በጨለማ የሐዘን አለባበስ ለብሼ ኖሯል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወታደር ልጅ ያላቸውን እናት እንዲህ ማስደንገጤ አንጀቴን በላው። እሳቸው ግን ነጠላዬን ገፈው ጥለቱን ወደ ታች መልሰው አለበሱኝ። ሲጨርሱ ሳቅ አመለጣቸው። ያን ጊዜ ግቢው በሙሉ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ለልቅሶ የመጣው ሰው ሻንጣ አዘጋጂ ሆነ። አንዷ በሶ፣ አንዷ በርበሬ፣ ሌላዋ ቆሎ ይዛ መጣች፤ ስንቱ ከልብሱ በለጠ። ልጁ ከብርድ የሚያስጥል ልብስ እንደሌለው ሲታወቅ፣ መምህሩ እኔን በዓይኑ ጠይቆኝ የባለቤቴን ካፖርት አጠለቀለት። ሾፌሩ፣ “ደንግጠው እንዳይወድቁ ብዬ እኮ ነው ቁጭ ይበሉ ያልኩት” እያሉ ለሁሉም ያስረዳሉ። አውሮፕላኑ ለጥቂት ሳያመልጠን ደረስን። ማታ ባለቤቴ ካፖርቴስ ሲለኝ ለትምህርት ወደ ውጭ ሄደ አልኩት።

ከዚያ ወዲህ በክፍላችን አንድ ደንብ ወጣ። የምሥራች የሚነገረው ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው፤ ሾፌሩም ከሩቅ የመኪናውን ክላክስ እያሰሙ ይገባሉ።

ዓመት አልፎ፣ አንድ ቀን ለምሳ ስወጣ እናትየውን ከዩኒቨርሲቲው በር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል፤ ጥለቱ ወደ ታች ነው። ዘበኛው ከማለዳ ጀምሮ እንደተቀመጡና ይግቡ ቢላቸው እንቢ እንዳሉ ነገረኝ። እጄን ሳብ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

“ትልቁ ልጄ ትናንት ማታ ገባ” አሉኝ። “እግሩን ትንሽ ያነክሳል እንጂ ደኅና ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። ከደረስኩ በኋላ ግን በዚህ ሰዓት ብታይኝ ትደነግጫለሽ ብዬ ፀሐይ እስኪከር ጠበቅኩሽ።”

አቅፌያቸው አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም፤ የመጡት ለጉዳይ ነበር። ለትንሹ ልጃቸው ወንድሙ መግባቱን እንድጽፍለት ፈልገው ነው። ቴሌግራም ይፈጥናል ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ቴሌግራም ያስደነግጣል፤ ደብዳቤ ይሁን። እዚያም ላለው ሰው ንገሪልኝ፤ ልጄ ቁርሱን ከበላ በኋላ ይስጡት።”

በዚያው ቀን ጻፍኩ፤ ለመምህሩም የእናትየውን ቃል እንዳለ አስተላለፍኩ።