የመንበሩ ወንበር

በእኛ ሰፈር በሽኩና ዳሌት ጣሪያ የሌላት መኪና የሚገዛ ሰው ወይ ገና ከሠራዊት የተሰናበተ ጎረምሳ ነው፣ ወይ ሚስቱ ጥላው የሄደች። ውበቱ ሁለቱንም አይደለም። ሃምሳን የረገጠ፣ ረጋ ያለ፣ ከሚስቱ ከትርፌ ጋር በሰላም የሚኖር፣ አሮጌው ከተማ፣ ሃዒር ሃዓቲቃ፣ ባለ አንድ ሱቅ የመኪና ወንበር ሲሰፋ የሚውል ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ማለዳ ከሕንጻችን በታች ያችን አረንጓዴ ባለ ሁለት ወንበር መኪና አቁሞ ሲያስነሳና ሲያጠፋ፣ በየሰገነቱ ብቅ ያላለ ሰው የለም። እኔ ከእሱ በላይ ባለው ፎቅ ስለምኖር ለመሳቅ የቀደመኝ አልነበረም። ዚቭ የሚባል የሱቁ ደንበኛ ወገቡን ታሞ ጎንበስ ብሎ መግባት ሲያቅተው ነው የለቀቀለት። የሸራ ጣሪያዋ ተቀዷል፣ ወንበሮቿ ተተርትረዋል፤ እንግዲህ ለውበቱ የተፈጠረች ናት።

የገዛት ግን ለራሱ አልነበረም። ጎንደር ላይ መንበሩ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው፤ በአባት አንድ፣ በእናት ሁለት ናቸው። በፈረንጆች 1991 ውበቱ ልጅ ሆኖ ከእናቱ ጋር በአውሮፕላን ወደዚህ ሲመጣ፣ መንበሩ ከእናቱ ወገኖች ጋር ቀረ። እነሱ ክርስትና የተነሱ ስለነበሩ ወደዚህ የመምጫ ወረፋቸው ሌላ ሆነ፤ ያ ወረፋም ዛሬ ነገ እየተባለ የመንበሩ ጸጉር ሸበተበት። ባጃጅ እየነዳ ይጠብቅ ነበር። ሁለቱ በስልክ ሲገናኙ ወሬያቸው አንድ ነው፤ መንበሩ ሲመጣ ከኤይላት ተነሥተው እስከ ሄርሞን ተራራ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ያዩታል። መንገዱ በአንድ ቀን ያልቃል ሲሉት መንበሩ ይስቅ ነበር፤ ይህን ያህል ዘመን የምጠብቀው ለዚህችው ነው ወይ ይላል። አንድ ነገር ብቻ ይለምን ነበር፤ መኪናው ክፍት ይሁን። በር የሌለው ባጃጅ የለመደ ሰው ስለሆነ የተዘጋ መኪና ያፍነዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ሌላው ሰው እንደ ቀልድ የሚሰማውን ውበቱ ቁም ነገር አድርጎ ያዘው።

መንበሩ የሞተው ሱኮት፣ የዳስ በዓል፣ ሊገባ ሲል ነው። ሕመሙ አጭር ነበር። ወሬው በትርፌ ስልክ መጣ፤ እሷም ለባሏ ትንፍሽ ሳትል አባባ ፍጹም ዘንድ ሄደች። የሰፈራችን ሽማግሌ እሳቸው ናቸው፤ መርዶ የሚነገረው በእሳቸው አፍ ነው። በበዓል ለቅሶ አይቀመጡም፣ በዓሉ ይለፍና ማልደን ሄደን እናረዳዋለን አሉ። የተቃወመ አልነበረም። እኔም መርዶ በስልክና በመንገድ ላይ አይነገርም ብዬ አምናለሁ። እስከዚያ ዝም በሉ ተባልን፣ ዝም አልን። የእኛ ሰው ዝም ሲል ግን ሰፈር ሁሉ ይሰማዋል።

ውበቱ ብቅ ሲል ወሬ ይቋረጣል። ሰላምታችን ረዘመ፤ እጁን ይዘን አንለቅም። ምድር ቤት የምትኖረው ቦጋለች እንኳ፣ ይህን ቆርቆሮህን ከደጃፌ አንሣ ማለቷን ትታ ምሳ ትልክለት ጀመር። ሰውየው ሞኝ አይደለም። አንድ ምሽት ቤቱ ሲገባ ሚስቱና ልጁ ኢንባል ሲንሾካሾኩ ደረሰባቸው፤ የልጅቱ ዓይን ቀልቷል። ምንድን ነው የምትደብቁኝ አለ። ኢንባል እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ እየሰማች በዕብራይስጥ የምትመልስ ልጅ ናት፤ ስትጨነቅ አንድ ቃል አመለጣት።

«ሃፍታዓ፣ አባ።»

ሃፍታዓ ማለት እንደ ልደት ድግስ ያለ፣ ተደብቆ ቆይቶ በድንገት ዱብ የሚል ደስታ ነው። ከአፏ የወጣው ሌላ ቃል ጠፍቶባት ነው እንጂ ክፋት አስባ አልነበረም። ውበቱ አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ፤ ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ በራ። ወጣና ጎንደር ደወለ። የመንበሩ ስልክ ዝግ ነው። የመንበሩ ልጅ ጋ ደወለ። ልጁም ዝም በል የተባለ ነውና፣ አባቱ ስልክ የማያነሣበት ምክንያት ሲፈልግ አዲስ አበባ ወርዷል አለው። ጎንደር ሆኖ ዓሊያን፣ ወደዚህ መምጣትን፣ ለሚጠብቅ ሰው አዲስ አበባ መውረድ ምን እንደሆነ እዚህ የማያውቅ የለም፤ አውሮፕላኑ ደጃፍ መድረስ ነው። እንግዲህ ሁለት የርኅራኄ ውሸቶች ተገናኙና የሞተውን ሰው ጉዞ አስጀመሩት።

ከዚያ ወዲያ ውበቱን ማን ይያዘው። የበዓሉ መካከለኛ ቀናት የሥራ ዕረፍት ስለሆኑ፣ ልጆች በየጥግ ዳስ ሲያስጌጡ እሱ አረንጓዴዋ መኪና ሥር ተጋድሞ ይውላል። የፍሬን ሸራ ለወጠ። ዘይት ቀየረ። ወደ ሄርሞን የሚወስደው ዳገት ራዲያተር ያፈላል ብሎ ውሃውን አድርቆ እንደገና ሞላ። ጣሪያዋን አውርዶ አዲስ ሸራ ሰፋላት፤ ሰፍቶም አጥፎ ወደ ኋላ ጣለው። ከሁሉም የደከመው በአንደኛው ወንበር ላይ ነው። ባጃጅ የመንበሩን ጀርባ ጎድቶታል ብሎ ወገብ የሚደግፍ ስፖንጅ ጨመረበት፣ ቡናማ ቆዳም አለበሰው። «ስሙ መንበሩ፣ ወንበሩም ይኸው» እያለ ለአላፊ አግዳሚው ያሳያል። ሲሠራ ይዘፍን ነበር። ያንን ዘፈን ከላይ ሆኜ ስሰማ መስኮት እዘጋለሁ፣ መስኮት ዘግቼም እሰማዋለሁ።

ወንበሩ ተመልሶ ሲታሰር ነው ያ ነገር የጀመረው። ሞተሩ እንደ ተነሣ፣ ሰው ተቀምጦ ቀበቶ ሳያስር ሲቀር የሚበራው ቀይ መብራት በባዶው ወንበር በኩል በራ፤ ጢው፣ ጢው ይላል። ትርፌ ሻይ ይዛ ቆማ ነበር። ውበቱ ሳቀና፣ መንበሩ ቸኩሎ ቀድሞን ገባ አላት። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ቤት ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያችን መኪና በሩቁ ዞራ ነው የምታልፈው።

ለውበቱ እንዲህ ያለው ነገር ሥራው ነው። ወንበሩን ነቅሎ፣ ከሥሩ ያለውን ክብደት የሚለካ ጨርቅ ፀሐይ ላይ አስጥቶ መለሰው። ጢውታው ጠፋ። በማግስቱ ፍሬኑን እንሞክር ብሎ እኔን ጎትቶ አስገባኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ፤ ምክንያቱን ብናገር መርዶው ነው። ተቀመጥኩ፣ ቀበቶዬን አሰርኩ። የአውቶቡስ መናኸሪያውን፣ ታሃና መርካዚትን፣ አልፈን ወደ ዋናው መንገድ ስንታጠፍ ቀዩ መብራት በራ፣ ጢው አለ። ቀበቶውን ፈትቼ አሰርኩ፤ አልተወም። ውበቱ የሽቦ ነገር ነው እያለ ያፏጫል። እኔ ግን ሰው ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ፤ ከሥሬ የሚሞቅ ነገር ነበር። በጥቅምት ፀሐይ የዋለ ቆዳ ይሞቃል፣ አውቃለሁ። ፈራሁ፤ ስንመለስ መኪናዋ በቅጡ ሳትቆም ዘልዬ ወረድኩ።

በዚያው ቀን አባባ ፍጹም ዘንድ ሄድኩ። ይህ ሰው እየተጎዳ ነው፣ ዛሬውኑ ይነገረው አልኳቸው። በበዓል ደስ ይበላችሁ ተብለን የታዘዝን ሰዎች ነን፣ የአንድን ሰው ደስታ በበዓል ቀን ልንነጥቅ ነው ወይ አሉ። ደስታው እኮ ውሸት ነው ብል፣ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፣ ታገሥ አሉኝ። ተናደድኩ፣ ግን ሽማግሌ ናቸው፤ ወጥቼ በሩን በቀስታ ዘጋሁ። ኢንባልም ቤት ውስጥ እኔ ልንገረው ብላ አልቅሳለች። እናቷ የተናገርሽው ይበቃል አለቻት።

በዓሉ ባለፈ ማግስት ጎሕ ሲቀድ ተሰበሰብን። አባባ ፍጹም ከፊት፣ ትርፌና ኢንባል ተኝቶ ትተውት ወጥተው ከኋላ፣ ቦጋለችና ሌሎቻችን ተከትለን፤ የለቅሶ ነጠላችንን ተኝቶ ሳለ ደርሰን እንለብሳለን ብለን በብብታችን ይዘናል። እሱ ግን አልተኛም። ጺሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መኪናዋ አጠገብ ቆሟል። ሕዝቡን ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ። ሃፍታዓችሁን ቀድሜ አውቄባችኋለሁ፣ እኔ የምጭነው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ እናንተ በአውቶቡስ ተከተሉን አለ።

አባባ ፍጹም እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ።

«ልጄ ውበቱ፣ ወንድምህ አርፏል።»

ለሙት ክብር የሚባል፣ የለመዱት ቃል ነው። ግን አውሮፕላንም ያርፋል። የውበቱ ዓይን እንባ ሞላ፤ በደስታ ነው። ታዲያ ምን ታቆሙኛላችሁ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ብቻውን ሊጠብቀኝ ነው ወይ እያለ ዘሎ መኪናዋ ውስጥ ገባና ሞተሩን አስነሣ። እኔም፣ ትርፌም፣ ሁላችንም እዚያው ደርቀን ቀረን። ኢንባል ናት ሮጣ ከመኪናዋ ፊት የቆመችው፤ ሁለት እጇን ሞተሩ ክዳን ላይ አድርጋ፣ ከአፏ ሰምተነው በማናውቀው ጥርት ያለ አማርኛ ነገረችው።

«አባዬ፣ ሞቷል። መንበሩ ሞቷል። እኔ ነኝ የዋሸሁህ።»

ሞተሩን አጠፋ። ሲወርድ አየሁት፤ በሩን ከፍቶ፣ እግሩን አንድ በአንድ አውጥቶ። መቼ ነው አለ። ቦጋለች ከበዓሉ በፊት መሆኑን ነገረችው። ተቀብሯል ወይ አለ። አዎ አልነው። አባባ ፍጹም እግዚአብሔር ያጽናህ ማለት ሲጀምሩ በእጁ አቆማቸው። ውበቱ ሽማግሌ ሲያቋርጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ እዚህ ስዘፍን ሰምታችሁኛል» አለ። «ሁላችሁም ሰምታችሁኛል። በዕድሜዬ እንደዚህ ሳምንት ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ማልቀስ ጀመሩ። እሱ ገና አላለቀሰም፤ እያንዳንዳችንን በየተራ ያይ ነበር።