በሊጥ ላይ የተደረደሩ ብሎኖች

የመሄጃዬ ሌሊት እናቴም እኔም አልተኛንም፤ ግን ሁለታችንም የተኛን መስለን ተጋደምን። ዶሮ ሳይጮኽ በጨለማው እጇን ዘርግታ ፊቴን ዳሰሰችኝ። ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን፣ ጆሮዬን ሳይቀር፤ በግ እንደሚገዛ ሰው።

«ምነው እምዬ?» አልኳት።

«እጄ እንዲያውቅሽ ነው። ተኚ።»

እህቶቼ፣ አገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡትም፣ እንደኔ በሰው አገር ያላችሁትም፣ ይህቺን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ቤታችን ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ሲወጣ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሳሩን ነጭ የሚያደርግበት። ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ፣ ያ የፊት ጥርሱ የተሸረፈው፣ በአይሱዙ እስከ ደብረ ማርቆስ ሸኘኝ። እናቴ የቆላችልኝን የገብስ ቆሎ በፌስታል ይዤ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። ሉማሜ ላይ ሰው ሁሉ ለሻይ ሲወርድ እኔ ዓይን አፋር ስለሆንኩ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም፤ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ በመስኮት አየሁ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ ልጅ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ከደብረ ማርቆስ አልፌ አላውቅም ነበር።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ቤሩት ስንደርስ ሴቶቹን ሁሉ አንድ ክፍል አስገብተው ወለል ላይ አስቀመጡን። አሠሪ መጥቶ እስኪወስደን ነው፤ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ የመጣ ዕቃ ባለቤቱን እንደሚጠብቅ። አንድ ፖሊስ ፓስፖርቴን ገልጦ ስሜን ጠየቀኝ።

«ፈንታነሽ» አልኩ፣ በቀስታ።

«ምን?»

«ፈንታነሽ።»

«ፋንታ» አለና ወደ ጓደኛው ዞረ። ከአረብኛው ውስጥ የገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነው። ስፕራይት የት እንዳለች እየጠየቀው ነበር። ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ፣ ፓስፖርቴ እጁ ላይ ነው።

የወሰዱኝ ብቻቸውን ለሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነው። ቴታ ይሏቸዋል፤ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ብዙ እህቶች ክፉ አሠሪ እንደገጠማቸው ይጽፋሉ፣ እውነታቸውን ነው። እኔን ግን እግዚአብሔር ለቴታ ሰጠኝ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን አልደከመም።

ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። ዳቧቸው ኩብዝ ይባላል፤ እንደ ነጠላ ቀጭን ነው፣ ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል፣ ግን አይጠግቡበትም። ሙቀቱ እርጥብ ነው፤ የለበስኩት ልብስ ሁልጊዜ አሁን ከገመድ ላይ ያወረድኩት ይመስለኝ ነበር። ሰው ሲገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማል፣ ነገር ግን ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባል። ይሄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ደህና ነበርኩ ማለት ነው። ደህንነቴን ያላመነችው እናቴ ናት።

ከእኛ አካባቢ ወደ ሌላ አረብ አገር የሄደች አንዲት ልጅ በሳጥን ተመለሰች። እሷ ከሞተች በኋላ ዘመዶቿ በስልክ ሲያናግሯት የነበረችው ሌላ ሴት ናት፣ ደላላው ነው ያስወራት የሚል ወሬ ተነሣ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ስደውል እናቴ እኔ መሆኔን ማመን ተወች።

«እምዬ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«ድምፅ ማንም ያወጣዋል» አለችና ስልኩን ለደሳለኝ ሰጠችው።

ደሳለኝ ከቤት ወጥቶ በሹክሹክታ ነገረኝ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። እህል የምትቀምሰው ከመሸ በኋላ ብቻ ነው። በቁሜ ሐዘን ተቀምጣብኛለች።

«ቅዳሜ ለምኜ ወደ ማርቆስ እወስዳታለሁ» አለኝ። «አንድ ኢንተርኔት ቤት አለ፤ የባለቤቱ ላፕቶፕ ካሜራ አለው። ፊትሽን ታሳያታለሽ። ካልሆነ ግን ሁለተኛ እግሯን አታነሣም፣ አውቃታለሁ። ምግብ እንድትበላም የሚያደርጋት የለም።»

እሺ አልኩት። ስልኬ ግን ያ የባትሪ መብራት ያለው ትንሹ ነበር፤ ካሜራ የለውም።

ለቴታ በተሰባበረ አረብኛዬ ነገርኳቸው። ቁም ሳጥናቸውን ከፍተው የልጅ ልጃቸውን የድሮ ላፕቶፕ አወጡ፤ ደብተር የምታክል ትንሽዬ።

«ሞታለች፣ እንደ ባሌ» አሉ። «ከቻልሽ አስነሺያት። ባሌን ግን ተይው።»

ስከፍታት ካሜራዋ ከላይ በኩል እንደ ምስር ፍሬ ቁጭ ብሏል። ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ከውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዶራ ወደሚባለው፣ እኛ ሐበሾች ወደምንበዛበት ሰፈር ወሰድኳት። ኮምፒውተር የሚጠግነው ሰውዬ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጣት።

«ሃርድ ዲስኩ ነው የሞተው። ሌላው ደህና ነው። ተይልኝና ከሁለት ሳምንት በኋላ ነይ።»

«ቅዳሜ ነው የምፈልጋት።»

«ቅዳሜ ምን አለ?»

«እናቴ ታየኛለች።»

«ታዲያ እናትሽ ሁለት ሳምንት አትታገስም?»

«አትበላም።»

ሰውየው የያዘውን ካቻቪቴ አስቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ የተከመሩትን ላፕቶፖች አየ፣ እኔን አየ። «እንግዲያው ራስሽ ቀይሪዋ» አለ።

ቀልዱን ይሁን የምሩን አልገባኝም። ዓይን አፋር ሰው ደግሞ «ቀልድህን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። «እሺ» አልኩ።

መጀመሪያ ሳቀ። ዝም ብዬ ስቆምበት ከጥግ አንዲት የተሰበረች ላፕቶፕ አንሥቶ ያሳየኝ ጀመር። ባትሪውን አስቀድመሽ አውጪ። እጅሽን ብረት አስነኪ፣ ሰውነት ላይ ያለው ኤሌክትሪክ እንዳያቃጥላት። ከሆዷ በኩል ያሉትን ብሎኖች ፍቺ፤ ኪቦርዱን ከላይ አንሺው፤ ሥሩ ጠፍጣፋ ሽቦ አለ፣ እንዳትበጥሺው። ዲስኩ ከዚያ ሥር ነው።

«ብሎኖቹን ደግሞ አታደባልቂ» አለ ጣቱን አንሥቶ። «ረጅም አለ፣ አጭር አለ። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካጠበቅሽው ቦርዱን ይወጋዋል። ያኔ እኔም አላድናትም።»

አዲስ ዲስክ፣ ዊንዶውስ ያለበት ፍላሽ፣ ቀጭን ካቻቪቴም ጨምሮ ይዤ ወጣሁ። ካቻቪቴውን እንድመልስለት አደራ አለኝ።

ሥራ ፋታ የሰጠኝ ዓርብ ከሰዓት፣ ቴታ ሲያሸልቡ ነው። ስለ ብሎኖቹ ሳምንቱን ሙሉ አስቤበታለሁ። የእናቴ የአንገት ዶቃ ክሩ ሲበጠስ ምን እንደምታደርግ ታየኝ። ሊጥ ትጠፈጥፍና ዶቃዎቹን በነበሩበት ተራ አንድ በአንድ ትተክላቸዋለች፤ ከዚያ ተረጋግታ በአዲስ ክር ትሰካቸዋለች። እኔም ለማግስቱ ካቦካሁት ሊጥ ቆርሼ በላፕቶፗ ልክ ጠፈጠፍኩ። ከቀኝ ጥግ የወጣው ብሎን ሊጡ ቀኝ ጥግ ላይ፣ ከመሃል የወጣው መሃል ላይ ተተከለ።

ኪቦርዱን ከጠርዙ በጥፍሬ ፈለቀቅሁት። ካሰብኩት በላይ ቀላል ነው፤ እንደ ቅጠል ብድግ አለልኝ። ጠፍጣፋውን ሽቦ ቀስ ብዬ ነቀልኩ። ዲስኩ በብረት ማቀፊያ ታቅፎ ተኝቷል። ወደ ጎን ሳብ ሳደርገው ወጣ። ይሄ ነው እንግዲህ እናቴን የከለከለኝ አልኩ፤ መዳፌ ላይ ይበቃል። አዲሱን በማቀፊያው አስገብቼ ገፋ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ተቀመጠ። ይህኛው ቀጭታ ደስ ይላል። የቀረው ሽቦውን መልሶ ብሎኖቹን ማጥበቅ ነው።

ያኔ ዝናብ ጀመረ። ልብስ ጣሪያ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ሊጡን በፎጣ ሸፍኜ ሮጥኩ። አንሶላውን ሰብስቤ፣ አጣጥፌ፣ ደረጃውን ስወርድ የትኩስ ዳቦ ሽታ ተቀበለኝ። ምን ደስ የሚል ሽታ ነው ብዬ ሁለት ደረጃ ወረድኩ። ሦስተኛው ላይ ቆምኩ።

ቴታ ወጥ ቤት ተቀምጠዋል። ሳህን ላይ ዳቦ አለ።

«ፋንታ፣ ሊጥሽን ረስተሽ ሄድሽ» አሉኝ። «ጋገርኩልሽ። ላዩ ላይ የነሰነስሽው ምንድነው? ጥቁር አዝሙድ ነው?»

መልስ ሳልሰጥ ጠርዙን ቆርሰው ጎረሱ። «ጨው የለውም» አሉ። ቀጥሎ ከአፋቸው ቀጭ አለ። እጃቸው ላይ ተፉት፤ አንዲት አጭር ብሎን ናት። ወደ መብራቱ አነሧት፣ ወደ ዓይናቸው አስጠጓት።

«ፋንታ፣ ይሄ ጥርሴ ነው ወይስ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው ቴታ» አልኩ፤ እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጣ። ምን እንደሆነ ሳስረዳቸው ጠረጴዛውን ይዘው ሳቁ፤ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው እስኪላላ ድረስ። ከዚያ መነጽራቸውንና የቅንድብ ወረንጦአቸውን አስመጡኝ። ዳቦው ነፍቶ አንዳንዱን ውጦታል፣ ግን አንዱም ከተራው አልወጣም። እሳቸው በወረንጦ እየነቀሉ ይሰጡኛል፣ እኔ ፍርፋሪውን እጠርግና ቦታው ላይ አጠብቃለሁ። የሳቸው አፍ ውስጥ የገባችው የግራ ጥግ ነበረች፤ የተቆረሰው ቦታ ይመሰክራል። ዳቦውንም አልጣልነውም፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ በወይራ ፍሬ በላነው።

ማታ ፍላሹን ሰክቼ ከፈትኳት። ኔክስት የሚለውን አነብባለሁ፤ ኔክስት፣ ኔክስት፣ ኔክስት። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ሲበራ ቴታ አማተቡ። «ባሌን ተይው ያልኩት በደህና ጊዜ ነው» አሉ።

ቅዳሜ በተባለው ሰዓት ደሳለኝ ታየኝ፤ አጠገቡ እናቴ። ምስሉ ይቆራረጣል፣ ውሃ ውስጥ ያለች ትመስላለች። ነጠላዋ እንደተዘቀዘቀ ነው። ከስታለች።

«ያቻት» አላት ደሳለኝ።

«ፎቶ ናት።»

እጄን አወዛወዝኩ።

«ፎቶ ይንቀሳቀሳል እንዴ?» አላት።

«ቴሌቪዥንስ ይንቀሳቀስ የለ።» እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ ብቻ ገዝፈው ታዩኝ፤ ግንባሬ ያለበትን፣ አፍንጫዬ ያለበትን እየዳሰሰች ነበር። እኔም ሳላውቀው ፊቴን አስጠጋሁ። እጇን መለሰች። «መስታወት ነው» አለች። ልትነሣ ስትል ደሳለኝ ትከሻዋን ያዘ።

«እምዬ» አልኳት፣ «ትናንት ብሎን በሊጥ ላይ ተከልኩ።»

«ምን ላይ?»

«ሊጥ ላይ፤ እንደ ዶቃሽ። ባልቴቷ ዳቦ መስሏቸው ጋገሩብኝ። ነከሱት ደግሞ።»

ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች።

«እስኪ በዶቃዬ ጥርሱን የሰበረው ማነው?»

«አጠገብሽ የቆመው ነዋ። ሙልሙል መስሎት ምድጃ ውስጥ ከተተው። አንቺም ጥርሱን ትተሽ ዶቃዬን ውጠኸዋል ወይ ብለሽ አፉን ፈለቀቅሽው።»

ደሳለኝ አፉን በእጁ ሸፈነ። እናቴ ሳቀች። ሳቋ ከምስሉ ቀድሞ ደረሰኝ፤ ድምፁ መጣ፣ ከዚያ ፊቷ ተከፈተ። ተነሥታ ቆመች፤ ነጠላዋን አወረደች፣ ገለበጠች፣ አስተካክላ ለበሰች። የጥለቱን ቀለም እስከዛሬ ከዚያ ቀን የበለጠ ደምቆ አላየሁትም።

«ከስተሻል» አለችኝ፤ ራሷ እንጨት አክላ። ከመቀነቷ አንድ ጭብጥ የገብስ ቆሎ ፈትታ ዘረጋችልኝ። «እንኪ።» ለምዶባት ነው፤ መስታወት መሆኑን ረስታዋለች። እኔም እጄን ዘረጋሁ። ቆሎው ስክሪኑ ላይ ተንሸራቶ ሲወርድ ይሰማኛል።

«ኧረ እማማ፣ ኪቦርዱ ውስጥ ገባ» አለ አንድ የወንድ ድምፅ፤ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ነው። «በምን አወጣዋለሁ አሁን?»

«አይዞህ» አለችው እናቴ፤ በእጇ የቀረውን እየቆረጠመች ነው፣ በቀን። «ልጄ ስትመጣ ትፈታልሃለች። ታውቅበታለች።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ደሳለኝም ዞረ፤ ሰውየውም አንገቱን አስግጎ ገባ። ሦስቱም ያዩኛል። እኔ ዓይን አፋር ነኝ፤ ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲያየኝ የማውቀውን ብቻ ነው የምናገረው።

«መጀመሪያ ባትሪውን ያውጣ» አልኩ።