«እኔን» ብዬ የካድኳት

ቪየና የዋልኩበትን ቀን ስንት ሰው ፊት አውርቼዋለሁ። ሰርግ ላይ አውርቼዋለሁ፤ የምሠራበት ግሮቭ ሲቲ መጋዘን ውስጥ በብሬክ ሰዓት አውርቼዋለሁ። ሁልጊዜ ግን አንድ ሩብ ሰዓት ቀንሼ ነው። ያንን ሩብ ሰዓት እናቴም አታውቀውም፣ ባሌም አያውቀውም። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው እሱን ነው። ስሙኝ፤ አታባብሉኝ ግን።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ገና አላገባሁም፣ አሜሪካ ኮሎምበስ ከተማ፣ ፍራንክሊንተን ሰፈር ከእናቴ ጋር ነበር የምኖረው። ልጅ ሆኜ ከደሴ ስንመጣ እንግሊዝኛው ቶሎ ስለገባኝ የሐበሻው ሁሉ አስተርጓሚ ሆኜ ቀረሁ። እትዬ ዘይነብ የሐኪም ቀጠሮ ካላቸው እኔ ነኝ፤ ጋሼ ይማም ከኢንሹራንስ ደብዳቤ ከመጣላቸው እኔ ነኝ። ደብል ሺፍት ሠርቼ ስገባ ሶፋው ላይ ወረቀት ይዞ የሚጠብቀኝ ሰው አይጠፋም። ሰው ጠላሁ ልበል? አልጠላሁም፤ ሰለቸኝ። አንዲት ቀን ብቻ፣ ማንም «ነይማ፣ ይቺን አንብቢልኝ» የማይለኝ አገር መዋል አማረኝ። ቬኬሽኔን ወሰድኩና ብቻዬን ቪየና ሄድኩ። እናቴ ጀርባዬ ላይ ያዘልኩትን ቦርሳ አይታ፣ «ሰው ዘመድ ሊጠይቅ ይሄዳል እንጂ ድንጋይ ሊያይ ይሄዳል? ደግሞ ሻንጣ ያጣሽ ይመስል» ብላ ስቃብኛለች።

ጠዋቱ ደስ ይል ነበር፣ ይህን አልክድም። ካርታ ይዤ በጠባቦቹ መንገዶች ዞርኩ። ትልቁ ካቴድራል ማማ ላይ እያለከለክሁ ወጣሁ፤ ከላይ ሲታይ ጣሪያው ባለቀለም ስፌት ይመስላል። ማንም አያውቀኝም፣ ማንንም አላውቅም። ወርጄ ሱቆቹ ባሉበት መንገድ ሳልፍ፣ አንዲት ሻሽ ያሰረች ልጅ የሽቶ ሱቅ በር ላይ አየሁ። በሁለት እጇ የገበያ ከረጢት አንጠልጥላ የሕፃን ጋሪ ትገፋለች። ድንጋይ አደናቀፋትና በጉልበቷ ወደቀች።

«እኔን!» አልኩ።

አስቤ አይደለም። ማንስ አስቦ ይላታል? ልጅቷ ቀና አለች። ፊቷ ሲበራ አየሁት። ጉልበቷን እንኳ ሳታይ ተነስታ ወደ እኔ መጣች።

«እህቴ፣ ሐበሻ ነሽ አይደል? አልሐምዱሊላህ። ማዳም ውስጥ ናት፣ አሁን ትወጣለች። ፓስፖርቴን ይዛብኛለች። ትመታኛለች። አገሬ ልግባ ስላት እንቢ አለች። ነገ ወደ ሪያድ ሊመልሱኝ ነው። ፖሊሶቹ ያውልሽ፤ እኔ ቋንቋቸውን አልችልም። በአላህ ይዤሻለሁ፣ አንድ ቃል ንገሪልኝ።»

አነጋገሯ የእናቴ አነጋገር ነው፤ የወሎ ልጅ ናት። ፖሊሶቹን አየኋቸው። ሁለት ናቸው፤ መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር። ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? ለስንቱ ሳስተረጉም የኖርኩት እኔ፣ ትከሻዬን ነቅንቄ «ሶሪ፣ አይ ዶንት አንደርስታንድ» አልኳት። ፈገግም ብያለሁ። ዛሬም ከሁሉ የምጠላው ያንን ፈገግታዬን ነው።

ልጅቷ ግራ ገባት። «አሁን እኮ ‹እኔን› አልሽኝ» አለች ቀስ ብላ። ቁጣ አልነበረባትም፤ የተሳሳተችው እሷ የሆነች ይመስል አፍራ ነበር። እኔ ደግሜ «ሶሪ» አልኩ። ማዳሟ ከሱቁ ወጣች። ልጅቷ ከረጢቶቹን ሰብስባ ጋሪውን ያዘች። ዘወር ብላም አላየችኝም።

ፈርታ ነው ብላችሁ እንድታዝኑልኝ አልፈልግም። አልፈራሁም። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዣለሁ፣ ማን ምን ያደርገኛል? በሆዴ ያልኩት «ዛሬ እንኳ ልረፍ» ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ፖሊስ ጣቢያ፣ ወረቀት፣ ትርጉም፤ ቀኔ ሲያልቅ ታየኝ። «እኔን» ማለትስ ምን ማለት ነው? የአንቺ ጉዳት ለእኔ ይሁን ማለት አይደለም? እኔ ጉዳቷን ልውሰድ ብዬ ስናገር፣ ግማሽ ቀኔን እንኳ ልሰጣት አልፈለግኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ይብሳል። ቀኔን ቀጠልኩ። ቤተ መንግሥቱን ጎበኘሁ፣ ኬክ በላሁ፣ ፎቶ ተነሳሁ። ኬኩ ጣፈጠኝ፤ እሱንም ልናዘዘው። ኮሎምበስ ስመለስ እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሐበሻ አላጋጠመሽም?» ብላ ነው። «አንድም» አልኳት። «እኔ አፈር ልብላ፣ ብቻሽን ስትንከራተቺ» አለችና አዘነችልኝ። ለእኔ አዘነች እኮ።

ዛሬ ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ካናል ዊንቸስተር ቤት ገዝተናል፤ እናቴም አብራን ናት። ከዚያን ቀን ወዲህ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው መልሼ አላውቅም። «አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ» ይሉኛል፣ እኔም አሚን እላለሁ። ግን ምን ያደርጋል? እነሱ እሷ አይደሉም። እሷ በማግስቱ አውሮፕላን ላይ ወጥታለች። ከዚያ በኋላ ምን አገኛት? ትኑር አትኑር አላውቅም።

አንድ ጊዜ፣ ጓደኛዬ ያደረገችው አስመስዬ አንድ ሸህ ጠየቅኩ። «የራሱን ሐቅ አላህ ይምራል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱን ይፈልጋል። ጓደኛሽ ልጅቷን ፈልጋ አፉ በይኝ ትበላት» አሉኝ። ስለዚህ እናንተ አፉ አትበሉኝ፤ ይቅር ማለት የእናንተ አይደለም። የእሷ ነው። እሷን ደግሞ ማን ብዬ ልፈልጋት? ስሟን ለመጠየቅ እኮ አማርኛ መቻል ነበረብኝ።