ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሳለው እጅ

አኳራጅ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ እደነግጣለሁ። ትናንት ጎረቤቴ የበሩን ቀለም ሊያቀጥን ጠርሙሱን ሲከፍት፣ ሽታው ቡራዩ፣ አባቴ ሳሎን ውስጥ መልሶ አቆመኝ።

አባቴ ቀለም ቀቢ ነበር፤ ሲያገኝ ደግሞ የምግብ ቤት ግድግዳ ላይ አንበሳና ፏፏቴ ይስላል። በዚያ ክረምት ሱሉልታ ላይ አብረው ሲሠሩ የሥራ ጓደኛው ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ሞተ። አባቴ ለቅሶው ላይ እንኳ አላለቀሰም። ከዚያ ወዲያ እሺና እምቢ ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም ነበር። ጎረቤቶቻችን «የወንድ ልጅ እንባው በሆዱ ነው» እያሉ ያደንቁታል። እኔም የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ፣ በዚህ ስኮራ! እናቴ ቀድማ ስለሞተች በቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ሰበታ አክስቴ ዘንድ ሁለት ቀን ሰንብቼ አንድ ጠዋት ስመለስ፣ በሩ ላይ ክው ብዬ ቀረሁ። ጓደኛው ግድግዳችን ላይ ተንጠልጥሏል። ከበላዩ አባቴ በደረቱ ተኝቶ፣ በአንድ እጁ ይዞታል። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ይዞት እንደነበር ለማንም አልተናገረም፤ እኔም ያወቅሁት ያኔ ነው።

«አባዬ፣ ሚስቱ ብታየውስ?» ብዬ የነጭ ቀለሙን ባልዲ አነሳሁ።

«ተወው። እሷን አስጠርቻታለሁ።»

የሟቹ ሚስት «አካም ቡልተኒ» ብላ በኦሮምኛ የጠዋት ሰላምታ እየሰጠች ገባች። ቀና ስትል ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ተናገረ።

«ልቀቀኝ፣ ሁለታችንም ልንወድቅ ነው አለኝ። እምቢ አልኩት። ከዚያ እጄ ዛለ... ለቀቅኩት።»

ከዚያ ጮኾ አለቀሰ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ትረግመዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ የባሏን እጅ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ቀለበቱን ረስተውታል፣ ጋሼ» አለችው።

አባቴ ብሩሹን አነሳ። እጁ አልታዘዝ ሲለው አንጓውን ያዘችለት። ሁለቱም እያለቀሱ ቀለበቱን ሳሉለት።

እኔስ? አፍሬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ለቅሶው ለጎረቤት እንዳይሰማ በሩን ከውጭ ዘጋሁት።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ማውራት ጀመረ፤ ይስቅም ነበር። ስለዚያች ጠዋት ግን እስኪሞት ድረስ ከእኔ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገረም። በሩን የዘጋሁት እኔ መሆኔን ያውቅ ነበር።